እጄን ብቻ አታንሳ

እ.ኤ.አ. በ1883 ሐረር ውስጥ ከተነሱ ጥቂት ፎቶግራፎች በአንዱ ላይ አንድ ሰው ተቀምጦ ይታያል። ሥራው ቡና የሚጫንበትን የቆዳ ስልቻ መሥራት ነው። ያነሳው ፈረንሳዊው ገጣሚ አርተር ራምቦ ነው። ራምቦ ያን ጊዜ ግጥም መጻፉን ከተወ ቆይቷል፤ በየመን የወደብ ከተማ በኤደን መሥሪያ ቤት ላለው የፈረንሳይ ንግድ ቤት ወኪል ሆኖ ሐረር ተቀምጦ ቡናና ቆዳ ይገዛል። ካሜራውን ከአገሩ አስልኮ የራሱንም ምስል አንስቶ ለቤተሰቡ ልኳል፤ አንዱን በቤቱ ሰገነት ላይ፣ አንዱን በቡና ተክል መካከል፣ አንዱን ደግሞ በሙዝ ተክል ውስጥ እጆቹን አጣምሮ። በደብዳቤው ላይ ምስሎቹ የነጡት የሚያጥብበት ውሃ መጥፎ ስለሆነ ነው ብሎ ያዝናል።

የራምቦን ፊት ዛሬ በዓለም ዙሪያ የሚያውቀው ሰው ብዙ ነው። ስለ ስልቻ ሠሪው የምናውቀው ግን ስልቻ ይሠራ እንደነበር ብቻ ነው። በግንብ በተከበበችው አሮጌ ከተማ በጁገል ውስጥ በራምቦ ስም በሚጠራው ቤት የጥንቷ ሐረር ፎቶዎች ተሰቅለዋል፤ ፎቶ ማንሳት የሚጀምሩ ወጣቶችን ወደዚያ መውሰድ እወዳለሁ። የበሮቹን፣ የገበያዎቹንና የግንቡን ምስል ካዩ በኋላ ፊቶቹን አንድ በአንድ እንዲያዩ እነግራቸዋለሁ። እንጨት የተሸከመች ሴት፣ ወታደር፣ ነጋዴ፣ ሕፃን። አብዛኞቹ ስም የላቸውም። ያነሷቸው ሰዎች ግን አላቸው።

ይህ ልማድ ያለፈ ነገር ቢሆን ኖሮ አልጽፍበትም ነበር። ዛሬም ከገጠር ማገዶ ተሸክማ ወደ ሸዋ በር የምትመጣ እናት በአንድ ጠዋት ስንት ካሜራ እንደሚቀርጻት አታውቀውም። ሸክሟ ስለከበዳት ፊቷን ማዞር እንኳ አትችልም። ምስሏ የት እንደሚደርስ፣ ማን ከሥሩ ምን እንደሚጽፍበት የሚነግራት የለም። ይህ ነገር ያበሳጨኛል፤ ካሜራ ይዤ የምሄድባቸውን ቦታዎችም የመረጥኩት ከዚህ ብስጭት ተነስቼ ነው።

ከኤረር በር ውጭ ገንደ ፌሮ የሚባል ሰፈር አለ። እ.ኤ.አ. በ1901 ካፑቺን ከሚባለው የካቶሊክ መነኮሳት ማኅበር የሆኑ አባ ማሪ በርናር የተባሉ ፈረንሳዊ ሚሲዮናዊ በሐረር ለሥጋ ደዌ ሕሙማን መጠለያ አቋቋሙ፤ በአገራችን በዘመናዊ መልክ ከተቋቋሙት የመጀመሪያው ነው። ሰፈሩ ስያሜውን ያገኘው ኋላ ሕሙማኑን ሲያክሙ ከኖሩት ከዶክተር ፌሮን ነው። ከሐረር ብዙ ሳይርቅ ደግሞ ቢስዲሞ አለ። እ.ኤ.አ. በ1957 በጀርመን ዉርዝቡርግ ከተማ የተመሠረተው የሥጋ ደዌ መርጃ ድርጅት የመጀመሪያ ሥራውን የጀመረው እዚያ ነው። ከሩቅ አገር በእግርም በመኪናም ተጉዘው ለሕክምና የመጡ ሰዎች ድነውም ሳይመለሱ ቀሩ። የሚመለሱበት ቤት ስላልነበራቸው እዚያው ተጋቡ፣ ወለዱ፣ ማሽላ ዘሩ። ዛሬ የልጅ ልጆቻቸው ትምህርት ቤት ይሄዳሉ።

ፎቶ የማነሳው እነዚህን ሰዎች ነው።

ስለ በሽታው ጥቂት ማለት አለብኝ፤ ምክንያቱም ያላወቀው ሰው የሚፈራውን ነው የሚያየው። ሥጋ ደዌ በባክቴሪያ የሚመጣ በሽታ ነው። ኖርዌያዊው ሐኪም ሐንሰን ባክቴሪያውን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1873 ነው። እርግማንም አይደለም፤ በዘርም አይተላለፍም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1981 በአንድነት የሚወሰዱ መድኃኒቶችን መከረ፤ ወደ አገራችንም ብዙ ሳይቆዩ ገቡ። ሕክምናው ከስድስት ወር እስከ አንድ ዓመት ይፈጃል፣ በነፃ ይሰጣል፣ መድኃኒቱን የጀመረ ሰውም ብዙም ሳይቆይ በሽታውን ለሌላ ማስተላለፉ ይቆማል። ጣት የሚቆረጠው በሽታው በልቶት አይደለም። በሽታው ነርቭን ይጎዳል፤ ነርቭ ሲጎዳ እጅና እግር አይሰማም፤ የማይሰማ እጅ ምድጃ ላይ ይቃጠላል፣ የማይሰማ እግር እሾህ ይዞ ይውላል። ቁስሉ እየከረመ አካል ያሳጣል። ሕመም የሚሰማው ሰው ወዲያው እጁን ይሰበስባል፤ እነዚህ ሰዎች የተነጠቁት ያንን ነው።

መድኃኒቱ ይህን ያህል ቀድሞ ሳለ በሰው ራስ ውስጥ ያለው ምስል ግን የጥንቱ ነው። ዛሬም በአገራችን በየዓመቱ በሺዎች የሚቆጠሩ አዳዲስ ሕሙማን ይመዘገባሉ፤ ከእነሱ ብዙዎቹ ቆዳቸው ላይ የማይሰማ ነጠብጣብ እያዩ የሚዘገዩት ስሙን ፈርተው ነው። ጤና ጣቢያ ሄዶ «ይህ ነገር ምንድን ነው?» ብሎ መጠየቅ ማለት ከጎረቤት፣ ከገበያ፣ ከትዳር መውጣት ይመስላቸዋል። ያን ፍርሃት ማን አኖረው ብዬ ስጠይቅ መልሱ ብዙ ነው፤ ቅዱሳት መጻሕፍትን በተሳሳተ መንገድ የተረጎመ ሰባኪ አለበት፣ ስድብ አለበት፣ ተረት አለበት። ፎቶግራፍም አለበት። እኔ የምመልስበት ድርሻ ይህኛው ነው።

ከመቶ ዓመት በላይ የሥጋ ደዌ ፎቶ ማለት የእጅና የእግር ፎቶ ነው። ጥቁር ጀርባ፣ የተቆረጡ ጣቶች፣ ያለ ፊት። ለሐኪሞች የተነሳው ምስል አንድ ነገር ነው፤ ለማስተማሪያ ያስፈልጋል። ያው ምስል ግን ከሐኪሙ መጽሐፍ ወጥቶ በእርዳታ መጠየቂያ ወረቀት ላይ ታተመ። እውነቱን ለመናገር ያ ፎቶ ገንዘብ አምጥቷል፣ ሆስፒታል አሠርቷል፣ ሰው አድኗል። ይህን አልክድም፤ ያ ገንዘብ ባይመጣ ዛሬ ቡና የሚያጠጡኝ ሰዎች ባልኖሩ ነበር። ያ ዘመን ግን አልፏል። ዛሬ የቀረው ችግር መገለል ነው፤ መገለልን ደግሞ የሚመግበው ያው ያለ ፊት የሚታየው እጅ ነው። በመድኃኒት የዳነን ሰው እንደገና ሕመምተኛ አድርጎ ያሳያል።

አንዲት እናት አሉ፤ ስማቸውን አልጽፍም፣ እማማ እላቸዋለሁ። ሐረር የመጡት በልጅነታቸው ነው። ፎቶ እንዳነሳቸው ሲስማሙ ቀኑን ራሳቸው ቆረጡ። ጠዋት ስደርስ ቤቱ ተጠርጎ፣ ቄጠማ ተጎዝጉዞ፣ ከሰል ተቀጣጥሎ ጠበቀኝ። እርሳቸው ለመልበስ ብዙ ቆዩ። አበባ ያለበት ድሪያ፣ ከላዩ ነጭ ነጠላ። ከዚያ ለቡና ተቀመጡ።

ጀበናቸው አንገቱ ላይ በጨርቅ ተጠቅልሏል፤ ጨርቁ ወፍራም ነው፣ በክር ተጠብቆ ታስሯል። ሌላ ሰው ጀበና ሲይዝ ጣቱ ይነግረዋል። የእርሳቸው ጣት ስለማይነግራቸው የሚያምኑት ዓይናቸውንና ጆሯቸውን ነው። ጀበናውን ከእሳት ከማውረዳቸው በፊት ጎንበስ ብለው የጨርቁን ዳር ያያሉ፤ ከሰሉ ላይ ወርዶ ከሆነ ይሰበስቡታል። ሲቀዱ ስኒውን አይነኩም፤ ረከቦቱ ላይ እንዳለ ይቀዱለታል፤ ስኒ የምታነሳውና የምታድለው የልጅ ልጃቸው ናት። ይህን ሁሉ የሚያደርጉት ቀስ ብለው፣ ወሬያቸውን ሳያቋርጡ ነው። አንድ ጠብታ አልፈሰሰም።

ካሜራውን ሳነሳ አዩኝና እንዲህ አሉኝ፤ «ልጄ፣ እጄን አታንሳ አላልኩህም። እጄን ብቻ አታንሳ።»

በዚህ ሥራ ላይ ስልጠና ተከታትያለሁ፣ ብዙም አንብቤያለሁ፤ ከዚህ የተሻለ መመሪያ ያገኘሁበት ቦታ የለም። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ2010 በሥጋ ደዌ በተጠቁ ሰዎች ላይ የሚደርሰውን አድልዎ ለማስወገድ መርሆችንና መመሪያዎችን ተቀብሏል፤ መገናኛ ብዙኃን እነዚህን ሰዎች ክብራቸውን በሚጠብቅ ምስልና ቃል እንዲያቀርቡ ይጠይቃል። ጥሩ ሰነድ ነው። እማማ በአንድ ዓረፍተ ነገር የተናገሩት ግን ሌንሱን የት ላድርግ፣ ምን ያህል ልራቅ የሚለውን ጭምር ነገረኝ። ወደ ኋላ ሄድኩ። ፊታቸው ገባ፣ ጀበናው ገባ፣ ከእሳቱ በላይ ያለው እጃቸው ገባ፣ ግድግዳው ላይ የተለጠፈው የልጅ ልጃቸው የትምህርት ቤት የምስክር ወረቀትም ገባ። ታትሞ ሳመጣላቸው መጀመሪያ ያዩት የነጠላቸውን መጣመም ነው። «ይህን አስተካክዬ እንደገና እነሳለሁ» አሉ፤ እንደገና ተነሱ።

እዚህ ላይ ከብዙ የሙያ ባልደረቦቼ ጋር የምለያይበት ነገር አለ። የጋዜጣ ፎቶ የሚወደው ሰው ሳያውቅ የተነሳውን ነው፤ ያ «ተፈጥሯዊ» ይባላል፣ እውነተኛ ይባላል። ቀጥ ብሎ ቆሞ፣ እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ፣ ሳይስቅ ካሜራውን የሚያይ ሰው ደግሞ የድሮ ፎቶ ቤት ይመስላል ተብሎ ይናቃል። ድሬ ዳዋም ሐረርም በየቤቱ የተሰቀሉትን የአያቶቻችንን ፎቶዎች አስቡ፤ ኮት ከፎቶ ቤቱ ተውሰው፣ ከተሳለ መጋረጃ ፊት፣ የላስቲክ አበባ ጎን ቆመው። ማንም አላስገደዳቸውም። እንዲህ ሆነው መታየት ፈለጉ፣ ከፍለውም ታዩ። ዕድሜ ልኩን በመንገድ ላይ፣ በቤተ ክርስቲያን በርና በመስጊድ ደጅ ያለ ፈቃዱ ሲታይ ለኖረ ሰው ተዘጋጅቶ መነሳት መብት ነው። ስለዚህ ገንደ ፌሮ ስሄድ ሰው ሳያየኝ አላነሳም። ወንበር አቅርበው፣ ጸጉራቸውን ቀብተው፣ ልጆቻቸውን ሰብስበው «በል አሁን» እስኪሉኝ እጠብቃለሁ። ካሜራዬንም በዓይናቸው ትክክል እይዛለሁ። ከላይ ወደ ታች የተነሳ ሰው ሁሉ የሚለምን ይመስላልና።

ፈቃድ የሚባለው ነገር በእኛ አገር ቀላል አይደለም። እንግዳ ቤት መጥቶ «ፎቶ ላንሳዎት?» ሲል «እምቢ» ማለት ነውር ነው። እንግዳው ከክሊኒኩ ሠራተኛ ጋር የመጣ እንደሆነ ደግሞ እምቢታው መድኃኒት የሚያስቀር፣ ዱቄት የሚያስቀር ሊመስል ይችላል። ስለዚህ በመጀመሪያው ቀን የተነገረኝን «እሺ» እንደ ፈቃድ አልቆጥረውም። ካሜራዬን ቤት ትቼ እሄዳለሁ፣ ቡና እጠጣለሁ፣ ከዚህ በፊት ያተምኳቸውን ፎቶዎች አሳያለሁ። ከዚያ የምጠይቀው ጥያቄ አንድ ነው፤ «ይህን ፎቶ ማን እንዳያየው ይፈልጋሉ?»

ይህ ጥያቄ ብዙ ነገር ያወጣል። አንዷ እናት የሴት ልጃቸው አማቾች እንዳያዩት ይፈልጋሉ። አንድ ወጣት የሚሠራበት ቦታ ባለቤት አባቱ የት ሰፈር እንደሚኖሩ አያውቅም። አንድ አዛውንት ደግሞ ለሕክምና ከቤት የወጡት በልጅነታቸው ነው፤ ወንድሞቻቸው ሞተዋል ብለው ተዝካር አውጥተውላቸዋል። እርሳቸው ፎቶውን ግድግዳቸው ላይ ይፈልጉታል፤ ስልክ ላይ ግን አይፈልጉትም። አትሜ ሰጠኋቸው፣ እኔ ዘንድ የቀረ ቅጂ የለም። እንዲህ ያለውን ፎቶ ማጣት አንዳንድ ጊዜ ያሳዝነኛል፤ እጅግ የሚያምር ፊት ነበራቸው። ቢሆንም ፊቱ የእርሳቸው ነው።

የልጆች ጉዳይ ከሁሉ ይከብዳል። በሽታው በዘር አይተላለፍም፤ ስሙ ግን ይተላለፋል። አንዲት ሕፃን ከአያቷ ጋር የተነሳችው ፎቶ ዛሬ ደስ ያሰኛታል። ከዓመታት በኋላ ልጅቷን ሊያጭ የመጣ ቤተሰብ ስልኩን ሲነካካ ቢያገኘውስ? የልጆችን ፊት በይፋ አላወጣም፤ እናታቸው ብትፈቅድም አላወጣም። ለቤታቸው ግን እንደፈለጉት አትማለሁ።

አሁን ደግሞ ስለሚያሳርረኝ ነገር ልናገር። ባለፉት ዓመታት በአገራችን አንድ ዓይነት ቪዲዮ በዝቷል። አንድ ሰው ማይክሮፎን ይዞ የድሃ ቤት ይገባል፣ ካሜራው አብሮት ይገባል። ፍራሹ ይቀረጻል፣ ቁስሉ ይቀረጻል፣ እናቲቱ እስክታለቅስ ድረስ ጥያቄው አይቆምም። ከጀርባ አሳዛኝ ዋሽንት ይገባበታል። ከዚያ የባንክ ሂሳብ ቁጥር ይወጣል። ከሚሰበሰበው ገንዘብ ለእናቲቱ የሚደርሳት እንዳለ አውቃለሁ፤ ቤት የተሠራላቸውም አሉ። በበጎ ልብ የሚሠሩትን ሁሉ አልኮንንም። ግን ያቺ እናት ለዳቦ ስትል ገመናዋን በአደባባይ እንድታወጣ መገደዷ ያንገበግበኛል። ገንዘቡ በሦስት ወር ያልቃል፤ ቪዲዮው አያልቅም። ጎረቤት ያየዋል፣ የልጇ ክፍል ጓደኞች ያዩታል። በእኛ ባህል የተቸገረን ሰው የሚረዳ ሰው በጨለማ ዱቄት በር ላይ አስቀምጦ ይሄድ ነበር፤ ቀኝ እጅህ የሚሰጠውን ግራህ አይወቅ የሚለውን ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ያውቀዋል። ካሜራ ሲመጣ ይህ ሁሉ እንዴት ተረሳ?

ከዚህ ተነስቶ ግን ወደ ሌላው ጫፍ መሄድም አለ፤ ያንንም አልወደውም። ክብር ማለት ሁሉን አሳምሮ ማሳየት የመሰላቸው ፎቶ አንሺዎች አሉ። ሁሉም ሰው ፈገግ ይላል፣ ሁሉም ግድግዳ በወርቃማ የጠዋት ፀሐይ ያበራል፣ ድህነት የለም። ይህም ውሸት ነው። ቢስዲሞ አንድ አባት ምስላቸውን ካነሳሁ በኋላ ክንዴን ይዘው ወደ ጓዳ ወሰዱኝና «አሁን ደግሞ ጣሪያዬን አንሳ» አሉኝ። ቆርቆሮው ዝጎ ተበሳስቷል፤ ከሥሩ ዝናብ የሚጠራቀምበት ባልዲ ተቀምጧል። አነሳሁት። ጎረቤቶቻቸውም ጠሩኝ፤ አንዱ የተሰበረ በር፣ አንዷ ውሃ የማይወጣበትን ቧንቧ አስነሱኝ። ፎቶዎቹን አትመው፣ ከማመልከቻ ጋር አያይዘው ለሚመለከተው ክፍል አስገቡ። መልሱ እስካሁን «እየታየ ነው» ነው። ጣሪያው ግን ከእንግዲህ አልታየም ሊባል አይችልም።

በእኔ ዓይን የጣሪያው ፎቶና በቪዲዮ የሚሸጠው ለቅሶ የሚለያዩት እዚህ ላይ ነው። ሁለቱም ችግር ያሳያሉ። በአንዱ ጣቱን የቀሰረው ባለቤቱ ነው፤ ምን እንደሚታይ፣ ለማን እንደሚታይ፣ ለምን እንደሚታይ ያውቃል። በሌላው ጣቱን የቀሰረው ሌላ ሰው ነው።

ፎቶዎቹን ማሳየት በፈለግን ጊዜ መጀመሪያ የሰቀልናቸው እዚያው ሰፈር ውስጥ ነው። ከአንዱ አጥር ወደ ሌላው ገመድ ዘረጋን፣ በልብስ መቆንጠጫ ሰቀልናቸው። ከተማ ውስጥ ባለ አዳራሽ ቢሆን ይሻል ነበር ያሉኝ አሉ። እኔ ግን ተነሺዎቹ ያላዩትን ፎቶ ሌላ ሰው ቀድሞ ማየት የለበትም ብዬ አምናለሁ። ሰው ወጣ፣ ተሰበሰበ፣ ሳቀ። «እኔን አስረጀኸኝ» ብሎ የተቆጣም ነበር። አንዲት ሴት የራሷን ከገመዱ ላይ አውርዳ ይዛ ገባች፤ መብቷ ነው፤ ቦታው ባዶ ሆኖ ዋለ። የቀሩትን ከተማ ስንወስድ ከእያንዳንዱ ሥር ምን እንደሚጻፍ ባለቤቶቹ ተናገሩ። አንዳቸውም በበሽታው አልጀመሩም። «ሰባት ልጅ ያሳደግኩ»፣ «ኦቾሎኒ ነጋዴ»፣ «የእድር ሰብሳቢ»። ከመሐል አንዱ ብቻ «ከሥጋ ደዌ የዳንኩ፣ ቶሎ ታከሙ» ብሎ አስጻፈ፤ እርሱ ፈልጎ ነው ያደረገው፣ ጽሑፉም ከሁሉ በላይ ብዙ ሰው ሲያነበው አይቻለሁ።

ከዚያ ትዕይንት በኋላ አንድ የእርዳታ ድርጅት ፎቶ ለማስታወቂያ ወረቀቱ እንድሰጠው ጠየቀኝ። እኔ መስጠት አልችልም፣ ባለቤቶቹን እጠይቃለሁ አልኩ። ተሰብስበው ተነጋገሩበት። ረጅም ጭቅጭቅ ነበር፤ እርዳታው እንዳይቀርብን የሚሉ ነበሩ፣ ስማችን ይበቃናል የሚሉም ነበሩ። በመጨረሻ የተስማሙበት የጫማ ሠሪው ፎቶ ነው።

ጫማ ሠሪው ራሱ በበሽታው የተጠቃ ሰው ነው፤ እጁ አይሰማውም፣ ግን ልምምዱና መሣሪያዎቹ ሥራውን አስችለውታል። የሚሠራው ለማይሰማ እግር የሚሆን ጫማ ነው። እንዲህ ያለው ጫማ ከውስጥ ለስላሳ ጎማ አለው፣ ከሥር ጠንካራ ጎማ። ምስማር አይገባበትም። ምስማር ያለው ጫማ ሲያረጅ ጫፉ ወደ ውስጥ ይወጣል፣ የማይሰማ እግር ቀኑን ሙሉ ይረግጠዋል፣ ማታ ጫማው በደም ይሞላል። ስለዚህ ሁሉንም በማጣበቂያና በክር ነው የሚሠራው። ጫማውን ሲጨርስ ወደ መስኮቱ ያስጠጋና ውስጡን በዓይኑ ይመረምረዋል፤ ጠጠር፣ የክር ቋጠሮ፣ የተጣመመ ስፌት ካለ ይፈታዋል። ጣት ሊያደርገው የሚገባውን ሥራ ዓይን እየሠራ ማለት ነው። ፎቶው ያንን ሰዓት ይዟል፤ ፊቱ በመስኮቱ ብርሃን፣ ጫማው በሁለት መዳፉ መሐል።

ድርጅቱ ፎቶውን አመስግኖ ከመለሰው በኋላ «ትንሽ ጠንከር ያለ» ምስል እንዳለኝ ጠየቀኝ። ምን ማለቱ እንደሆነ ገባኝ። ለሰዎቹ ነገርኳቸው። የለም በለው አሉኝ፤ የለም አልኩት። ማስታወቂያው ከሌላ ቦታ በተገኘ ፎቶ ታተመ።

ጫማ ሠሪው የእርሱን ፎቶ በትልቁ አሳትምለት ዘንድ ጠየቀኝ። በላስቲክ ሸፍኖ ከሱቁ በር ላይ ሰቅሎታል። ከሥሩ በእጅ ጽሑፍ የጫማውን ዋጋ፣ የጥገናውን ዋጋና ዓርብ ከሰዓት እንደማይሠራ ጽፎበታል። ባለፈው ሳልፍ አንድ ጤነኛ እግር ያለው የባጃጅ ሹፌር ያንኑ ለስላሳ ጫማ ለራሱ ሲለካ አገኘሁት፤ ቀኑን ሙሉ ተቀምጦ እግሩን ስለሚያመው ነው። በዋጋው ሲከራከሩ ትቻቸው ሄድኩ።